ጧሪውን ማን ይጡረው?

በአገራችን ሽማግሌዎች ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላሉ። በእርጅና ዘመን የሚደግፍ ልጅ ማግኘት ታላቅ ጸጋ ነውና ከዚህ የሚበልጥ ምርቃት እምብዛም የለም። ይሁን እንጂ ምርቃቱ ስለ ተጧሪው እንጂ ስለ ጧሪው አይናገርም። በዚህ ትምህርት ልንመለከተው ያሰብነው ያን ያልተነገረለትን ሰው ነው።

የተወደዳችሁ ወገኖች ሆይ፥ በየሰፈራችሁ የምታውቋትን አንዲት ሴት በዓይነ ልቡና ተመልከቱ። ሌሊት አልጋ የያዙትን እናቷን ለማገላበጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ ትነሣለች፤ ማለዳ ልጆቿን ወደ ትምህርት ቤት ትሸኛለች፤ ከዚያም ወደ ሥራዋ ትሮጣለች፤ ማታ ባሏ ይጠብቃታል፤ እሑድም ከመዘምራን ጋር ትቆማለች። አንዲቱ ሰው ልጅም፥ እናትም፥ ሚስትም፥ ሠራተኛም ናት። በአሜሪካ፥ በፊላደልፊያ ከተማ፥ ስለ አረጋውያን ይመራመሩ የነበሩት ኢሌን ብሮዲ በ1981 ዓ. ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) እንደ እርስዋ ያሉትን በመካከል ያሉ ሴቶች ብለው ሰየሟቸው።

እንግዲህ የሚያሳምማት የኀላፊነቷ ብዛት ነውን? ሊቃውንት በዚህ ነገር ተከራክረዋል። ዊልያም ጉድ በ1960 ዓ. ም. ሲጽፉ፥ ሰው የሚፈለግበት ሁሉ ከዐቅሙ ስለሚበልጥ መጨነቁ አይቀርም አሉ። ሳም ሲበር ግን በ1974 ዓ. ም. የኀላፊነት መብዛት ክብርንና ረዳትን እንደሚያስገኝ፥ አንዱ ሲከፋም በሌላው መጽናናት እንደሚቻል አስረዱ። እኛ ሁለቱም እውነት እንደ ያዙ እናምናለን። ይኸውም ኀላፊነቶቹ በአንድ ሰዓት ሲጋጩና የሚተካ ሰው ሲጠፋ ሰውን ይሰብራሉ፤ ሲፈራረቁ ግን ያሳርፋሉ። ከባልደረቦቿ ጋር ስትሠራ የዋለች ሴት ደክሟት ብትመለስም፥ ከአልጋው ሥር ሳትነሣ ከዋለችው ይልቅ ልቧ ቀሎ ልትመለስ ትችላለች።

ሸክሙ ሲከብድባት ግን አስቀድማ የምትተወው ምንድር ነው? መዝሙሩን ትተዋለች፤ ቀጥሎ የጎረቤት ቡናን፤ በመጨረሻም የራሷን ሕክምና። እኛም ራሷን ሠዋች ብለን እናመሰግናታለን። እርስዋ የጣለችው ግን ሸክሙን ሳይሆን ምርኵዟን ነው።

ይህም በሥጋ ላይ የሚታይ ነገር ነው። በኦሃዮ ጃኒስ ኪኮልት ግሌዘርና ባልደረቦቻቸው በ1995 ዓ. ም. ባሳተሙት ጥናት፥ የመርሳት ደዌ ያደረባቸውን ዘመዶች የሚያስታምሙ 13 ሴቶችንና በዕድሜ የሚመስሏቸውን የማያስታምሙ ሌሎች 13 ሴቶችን አስተያዩ። በሁሉም ክንድ ላይ እኩል የሆነ ትንሽ ቍስል ተደረገ። የአስታማሚዎቹ ቍስል ከሌሎቹ በአማካይ 9 ቀን ያህል ዘግይቶ ዳነ። እንግዲህ አስታማሚዋ «ደከመኝ» ስትል ምሬት ነው ብለን አንለፈው።

ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አይቶ ሥራውን አልነቀፈም፤ ብቻውን መሥራቱን ነቀፈ እንጂ (ዘጸ. 18)። በአንዳንድ ቤት ግን አምስት ልጆች ተወልደው አንዲቷ ብቻ ትጦራለች። ከከተማ ወይም ከባሕር ማዶ ገንዘብ የሚልክ ወንድም ድርሻዬን ፈጸምሁ ይላል። ገንዘቡ መልካም ነው፤ መድኃኒትም ይገዛል፤ ነገር ግን ሌሊት ተነሥቶ እናትን አያገላብጥም። ስለዚህ ልጆቹ በአንድነት ተቀምጠው ሌሊቱንም እንደ ገንዘቡ ይከፋፈሉ፤ ሩቅ ያለውም ፈቃድ በወሰደ ጊዜ መጥቶ እኅቱን ያሳርፍ።

ጉባኤያችንስ? ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፥ ምግብ ይመጣል፥ ቤቱ በሰው ይሞላል። ከዚያ በፊት በነበሩት ረጅም ዓመታት ግን ያንን ደጅ የሚያንኳኳ ጥቂት ነበር። ለቀባሪው የምንሮጠውን ያህል ለጧሪው ብንራመድ ምን ያግደናል? የሴቶች ማኅበር አባሎች በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በተራ ሊሄዱ ይችላሉ። በሽተኛዋን አንሥቶ ማስቀመጥ የአንድ ሰው ወገብ ስለሚጎዳ ሁለት ሆነው ቢሄዱ ይሻላል።

በገባችሁም ጊዜ የእናቲቱን ጤና ከጠየቃችሁ በኋላ ወደ ልጅዋ ዘወር በሉና «አንቺስ እንቅልፍ አግኝተሻልን?» በሏት። «ደኅና ነኝ፥ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለቷ አይቀርም። እናንተ ግን ነጠላችሁን አስቀምጣችሁ ከእናቲቱ አጠገብ ተቀመጡ፤ እርስዋም ሄዳ ትተኛ፥ ወይም ወደ መዝሙሯ ትሂድ።