ከአውድማ እስከ ሳንባ፦ የተነፈስነው ብናኝ ወዴት ይሄዳል?



በመራዊና አካባቢዋ በቆሎ ሲፈለፍል የዋለ ሰው ማታ ሲናፈጥ ጥቁር ንፍጥ ያያል። «አቧራው ሳንባዬን ሞላው» ብሎም ይሰጋል። ነገር ግን አፍንጫ ላይ የታየው ሳንባ ያልደረሰው ነው። የሚያሰጋው ያልታየው ነው።

ከ10 ማይክሮን በላይ የሆነው ብናኝ (1 ሚሊ ሜትር 1,000 ማይክሮን ነው) አብዛኛው በአፍንጫ ፀጉርና ንፍጥ ይያዛል። ከዚያ ያለፈው በአየር ቧንቧ ግድግዳ ላይ ያርፋል። ግድግዳው በሚያጣብቅ ፈሳሽ የተሸፈነ ነው፤ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮችም ፈሳሹን ያለ ዕረፍት ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። ከዚያ በአክታ ይተፋል ወይም ሳናውቀው ይዋጣል። በጤናማ ሰው ይህ ጽዳት በአብዛኛው በ1 ቀን ያልቃል። የምድጃ ጭስና ሲጋራ ግን ፀጉሮቹን ያዳክማሉ። ስለዚህ አውድማ ውላ ማታ ጭስ ላይ እንጀራ የምትጋግር እናት ከሁላችንም በላይ ትጎዳለች።

ከ5 ማይክሮን በታች የሆነው ደቃቅ አየር ወደ ደም እስከሚገባባቸው ጥቃቅን የሳንባ ከረጢቶች ሊዘልቅ ይችላል። እዚያ የሚገፋ ፀጉር የለም። ብናኙን እየዋጡ የሚያጸዱ ሕዋሳት አሉ፤ ሥራቸው ግን ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይፈጃል። በአፈር አቧራ ውስጥ ያለው የድንጋይ ደቃቅ (ሲሊካ) ደግሞ የዋጡትን ሕዋሳት ይገድላል፤ ሲበዛ ሳንባን ያጠባስሳል። ወተት ያጥበዋል የምትሉ አላችሁ። ወተት የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነው፤ ጠጡት፣ ጥሩ ምግብ ነው፣ ሳንባ ግን አይደርስም።

ሳይደርቅ የተከመረ ድርቆሽና ገለባ ወይም የሻገተ በቆሎ ሌላ ጣጣ አለው። የሻጋታው ብናኝ ሳንባን ያስቆጣና ከሥራው ከ4 እስከ 8 ሰዓት ቆይቶ ብርድ ብርድ ይላል፣ ያተኩሳል፣ ያስላል። በወባ አገር ይህን ወባ ነው ማለት ቀላል ነው። ደማችሁን ተመርመሩ፤ ወባ ካልተገኘ የሻገተ ነገር ነክታችሁ እንደነበር ለባለሙያው ንገሩ።

መፈልፈያውን ስትተክሉ ነፋሱ ከጀርባችሁ ይምጣ፤ እብቁ ከሰውም ከቤትም ይራቅ። ነጠላ አጥፎ አፍና አፍንጫን መሸፈን ሻካራውን እብቅ ይይዛል፣ ደቃቁን ግን ያሳልፋል። ኤን-95 የሚባለው ጭምብል ፊት ላይ በደንብ ከገጠመ ደቃቁንም ይይዛል።

ጋዝን ግን ነጠላም ኤን-95ም አይዙትም። ለነቀዝ የሚቀመጠው የአልሙኒየም ፎስፋይድ ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ እንደ አቧራ ሳንባ ውስጥ አይቀመጥም፤ በቀጥታ ወደ ደም ይገባል፣ ሳንባንም ውኃ ያስቋጥራል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ ባለ ጎተራ በፍጹም አታስቀምጡት። በደንብ የደረቀ እህል አየር በማያስገባ ፒክስ ከረጢት ውስጥ በጥብቅ ከታሰረ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ ክኒኑም አያስፈልግም። ክኒን ባለበት ቤት ራስ ምታት፣ ማስመለስ ወይም የደረት መጨነቅ ከተሰማ ሁሉም ሰው ይውጣ፤ የታመመውንም ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ፣ የክኒኑን ስም ይዛችሁ።

ሳል 2 ሳምንት ካለፈው «የአውድማ ሳል ነው» ብላችሁ አትቆዩ። የሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ ይጀምራልና ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ።