ቡከር በትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመቱ

ልጆች ሆይ፤ ከቤቱ ርቆ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የሚገባ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ነገር ይማራል፤ ከሚማረውም እኩሌታው በመጽሐፍ ተጽፎ አይገኝም። ይህንም ከቡከር ዋሽንግተን ታሪክ ልትረዱት ትችላላችሁ።

ቡከር በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ በባርነት ተወለደ። በ1865 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባርነት ሲቀር ነጻ ወጣ፤ ነገር ግን ቤተ ሰቦቹ ድኾች ስለ ነበሩ ገና በልጅነቱ በከሰል ድንጋይ ጕድጓድ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ከምድር በታች ሲሠራ ሁለት ሰዎች ስለ ሃምፕተን ትምህርት ቤት ሲነጋገሩ ሰማ። ይህ ትምህርት ቤት በ1868 ከባርነት ለወጡ ጥቍሮች የተመሠረተ ነው፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ድኻ ተማሪ በጕልበቱ እየሠራ የሚማርበት መሆኑን በሰማ ጊዜ የቡከር ልብ ወደዚያ ተሳበ።

በ1872 ተነሥቶ ሄደ። መንገዱ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። በሪችመንድ ከተማ ገንዘቡ ቢያልቅበት ከመንገድ ዳር ካለ የሳንቃ ንጣፍ በታች ዐደረ። ሃምፕተን ሲደርስ በእጁ የቀረው 50 ሳንቲም ብቻ ነበረ።

ልብሱ አድፎ፥ ሰውነቱም ሳይታጠብ ሰንብቶ ስለ ነበረ ወይዘሪት ማኪ የተባሉት መምህርት ወዲያው አልተቀበሉትም። ሌሎች ሲገቡ እያየ ብዙ ሰዓት ቈየ። በኋላ ግን አንድ ክፍል እንዲጠርግ አዘዙት። ቡከርም ፈተናው ይህ እንደ ሆነ ገባው። ሦስት ጊዜ ጠረገ፤ አቧራውንም አራት ጊዜ ወለወለ። መምህርቲቱ መሐረባቸውን አውጥተው ግድግዳውንና ጠረጴዛውን ቢያሹበት ትቢያ አላገኙም፤ እንዲገባም ፈቀዱለት። ይህን ጥንቃቄ ያስተማሩት ቀድሞ በቤታቸው ያገለገላቸው ወይዘሮ ሩፍነር ነበሩ። እኒህ ሴት ለጽዳት እጅግ ጥብቅ ስለ ነበሩ ሌሎች አሽከሮች ሁለት ሦስት ሳምንት እንኳ ሠርተው ይሄዱባቸው ነበር።

ቡከር የክፍሎቹ ጠራጊ ሆኖ ተቀጠረ። ከሌሊቱ በ10 ሰዓት እየተነሣ ምድጃዎቹን ያነድ ነበር፤ ከዚያ በተረፈችውም ጊዜ ትምህርቱን ያጠና ነበር።

በተወሰነ ሰዓት መብላት፥ ገላን ዘወትር መታጠብ፥ ጥርስን በብሩሽ ማጽዳት ለእርሱ ሁሉም አዲስ ነበረ። ከሁሉ ያስቸገረው ግን የአልጋው አንሶላ ነው። በመጀመሪያዪቱ ሌሊት ከሁለቱም አንሶላ በታች ተኛ፤ በሁለተኛዪቱ ሌሊት ደግሞ ከሁለቱም በላይ ተኛ። እናንተ ትስቁ ይሆናል፤ ነገር ግን በጨርቅ ላይ መሬት ተኝቶ ያደገ ልጅ ይህን ከየት ይወቀው? ቡከር አፍሮ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ጓደኞቹ እንዴት እንደሚተኙ ተመለከተና ዐወቀ። በ1881 እርሱ ራሱ በቱስኪጊ የትምህርት ቤት አለቃ በሆነ ጊዜ፥ ለሚመጡት ተማሪዎች በሁለት አንሶላ መካከል መተኛትን ያስተምር ነበር።

ዓመቱ ሲፈጸም ሌሎቹ ተማሪዎች ወደ ዘመዶቻቸው ሄዱ። ቡከር ግን ለመንገድ የሚሆን ገንዘብ አልነበረውም፤ ለትምህርት ቤቱም የ16 ዶላር ዕዳ ነበረበት። አንድ አሮጌ ካፖርት ነበረውና ሊሸጠው ፈለገ። አንድ ሰው መጥቶ ካፖርቱን አገላብጦ አየና ዋጋውን ጠየቀ። ቡከር 3 ዶላር ቢለው ተስማማ፤ ነገር ግን ለጊዜው የሚሰጠው 5 ሳንቲም ብቻ እንደ ሆነ፥ የቀረውንም ባገኘ ጊዜ እንደሚከፍል ነገረው። ቡከር ምን ያህል እንዳዘነ አስቡት።

ከዚያ በኋላ በፎርት ሞንሮ በአንድ ምግብ ቤት ተቀጠረ። ደመወዙ ከምግቡ ብዙም አያልፍም ነበር። አንድ ቀን ከጠረጴዛ በታች አዲስ የ10 ዶላር ኖት አገኘ። ደስታው ብዙ ነበረ፤ ከዕዳው የሚበልጠውን እኩሌታ ይከፍልለት ነበርና። ነገር ግን ቤቱ የሰው ቤት ነው ብሎ ለባለቤቱ አሳየ። ባለቤቱም ቤቱ የእኔ ስለ ሆነ ገንዘቡ ለእኔ ይገባል ብሎ ወሰደው፤ ለልጁ አንድ ሳንቲም እንኳ አላካፈለውም። እንዲህ ያለው ሰው ሕግ ቢደግፈው እንኳ ቸር አይባልም።

የዕረፍቱም ወራት አለቀ፤ ዕዳው ግን እንዳለ ነበረ። ቡከር ወደ ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ ወደ ጄኔራል ማርሻል ሄዶ ያለበትን ነገር ሳይሸሽግ ነገራቸው። እሳቸውም በቻለ ጊዜ እንደሚከፍል አምነው ትምህርቱን እንዲቀጥል ፈቀዱለት። በሁለተኛውም ዓመት ክፍሎቹን እየጠረገ ተማረ።