መምህር የሚያፈራ ሥልጠና
(በአፍሪካ ስለ ቴሌኮሙኒኬሽን ባለሙያዎች የሥልጠና መረብ የቀረበ ጥናት)

በዚህ እትም ልናጠናው ያሰብነው ጥያቄ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ይኸውም፥ ጥቂት ጎረቤታሞች አገሮች ገንዘባቸውንና ሰዎቻቸውን አስተባብረው የቴሌኮሙኒኬሽን ባለሙያ የሚያሠለጥኑበት መረብ ቢያቆሙ፥ ያ መረብ የውጭ ረዳት እጁን በሰበሰበ ማግስት እንዳይወድቅ የሚያደርገው ምንድን ነው? ሕንጻ ነው ወይስ ገንዘብ ወይስ ሌላ ነገር? እኛ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ብዙ ተከራክረንበታል፤ የደረስንበትንም ከነምክንያቱ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ፥ «እያንዳንዱ አገር የራሱን ሰው በራሱ ቤት ለምን አያሠለጥንም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ክርክሩ ተገቢ ነው። መስመር የሚዘረጋውንና የተበላሸ የሚጠግነውን ሠራተኛ እያንዳንዱ አገር በመቶ ስለሚፈልገው፥ በአገሩና በቋንቋው ቢያስተምረው ይሻላል። ነገር ግን የሬዲዮ ሞገድን ድልድል ከጎረቤት አገር ጋር የሚደራደር ሰው፥ ወይም ሁለት የስልክ ኩባንያዎች ደንበኞቻቸውን ሲያገናኙ አንዱ ለሌላው የሚከፍለውን ሒሳብ የሚያሰላ ሰው አንድ አገር በዐሥር ዓመት ውስጥ የሚፈልገው ምናልባት ሦስት ወይም አራት ቢሆን ነው። ለሦስት ሰው መምህር አይቀጠርም፤ የመለኪያ መሣሪያም አይገዛም። ዐሥራ ሁለት አገሮች ሁለት ሁለት ሰው ቢልኩ ግን 24 ተማሪ ያለበት ሙሉ ክፍል ይሆናል።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይበልጥ ይከብዳል። ሞያሌ ላይ ከቆመ አንቴና የሚወጣ ሞገድ ኬላ አያውቅም። የኢንተርኔት መልእክትም እንደዚሁ ነው። መልእክቱ ተከፋፍሎ በትንንሽ እሽግ ይሄዳል፤ በየመገናኛው ያለው ራውተር የሚባለው መሣሪያ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አያውቀውም፤ ከጎረቤቶቹ የሰማውን ይዞ «ወደ እገሌ የሚሄድ በዚህ ይለፍ» ይላል እንጂ። ስለዚህ አንዱ ጎረቤት የተሳሳተ ወሬ ቢያወራ የብዙዎች መልእክት መንገድ ይስታል። በፌብሩዋሪ 2008 የፓኪስታን የቴሌኮም ኩባንያ ዩቲዩብን በአገሩ ውስጥ ብቻ ሊዘጋ አስቦ ያወጣው የመንገድ ማስታወቂያ ከድንበር ውጭ ሾልኮ ስለ ወጣ፥ በዓለም ላይ ያሉ ብዙ ተጠቃሚዎች ለሁለት ሰዓት ያህል ዩቲዩብን አጥተው ነበር። እንግዲህ በዚህ ሙያ የጎረቤት አለማወቅ የራስን ቤት ያጨልማል። አገራችን ባሕር ስለሌላት ከባሕር ሥር ገመዶች ጋር የምትገናኘው እንደ ጂቡቲ ባሉ ጎረቤቶቿ በኩል ነው፤ ገመዱ ሲበጠስ የአዲስ አበባውና የጂቡቲው ባለሙያ በስልክ ተገናኝተው በአንድ የሙያ ቋንቋ መነጋገር አለባቸው። ቀድሞ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከነበረ ደግሞ ችግሩ ቶሎ ይገኛል።

እዚህ ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት መጥቀስ ይቀናል፤ በየስብሰባው ሲጠቀስም እንሰማለን። ድሩን ማን ይፈትለዋል የሚለው ግን እምብዛም አይነሣም።

በአፍሪካ እስከ ዛሬ የተሞከሩት መንገዶች በሁለት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው መንግሥታት ተዋውለው ትምህርት ቤት የሚያቆሙበት ነው። በ1981 ቤኒን፥ ቡርኪና ፋሶ (ያን ጊዜ ላዕላይ ቮልታ ትባል ነበር)፥ ማሊ፥ ሞሪታኒያ፥ ኒጀር፥ ሴኔጋልና ቶጎ ሆነው በዳካር ከተማ የብዙ መንግሥታት ከፍተኛ የቴሌኮሙኒኬሽን ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ በ1998 ጊኒ ተጨመረች። እንግሊዝኛ ለሚናገሩት አገሮች ደግሞ በናይሮቢ አፍራልቲ የሚባለው ተቋም ተመሠረተ። ለሁለቱም ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ሰጥተዋል።

አሳቡ በጊዜው ትክክለኛ ነበር። በየአገሩ የነበረው የፖስታና የስልክ መሥሪያ ቤት አንድና የመንግሥት ስለ ነበረ፥ ተማሪ የሚልከውም መዋጮ የሚከፍለውም ተመራቂውን የሚቀጥረውም እርሱ ነው። መሠረቱ የተናጋው ይህ አንድ ደንበኛ ሲከፋፈል ነው። በ1997 የሴኔጋሉ ሶናቴል ከፊል ድርሻው ለፍራንስ ቴሌኮም ተሸጠ፤ በ1998 የኡጋንዳው፥ በ1999 የኬንያው የፖስታና የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ተከፋፈለ። አዲስ የመጡት የሞባይል ኩባንያዎች መንግሥታት ቀድሞ ለተዋዋሉት መዋጮ ባለዕዳ አይደሉም፤ ሠራተኛቸውን የሚያሠለጥንላቸውም ብዙ ጊዜ መሣሪያውን የሸጠላቸው ፋብሪካ ነው።

ስለዚህ የፋብሪካ ሥልጠና ትንሽ መናገር ይገባናል። ከኤሪክሰንም ይምጣ ከሁዋዌ፥ ሥልጠናው በመሣሪያው ዋጋ ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚመጣ ነጻ ይመስላል። ጥቅም የለውም አንልም፤ የገዛኸውን ዕቃ ካላወቅኸው አትሠራበትም። ነገር ግን የሚያስተምረው የዚያን ዕቃ አያያዝ ነው። የትኛው ትእዛዝ ምን እንደሚሠራ ይነግርሃል፤ ሌላ ፋብሪካ የሠራው ቢሻል ይሻላል ብሎ ግን አይነግርህም፤ ሻጭ ነውና። ዕቃው በተለወጠ ቍጥርም ዕውቀቱ አብሮ ይለወጣል። ከመካከላችን ለልምምድ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት የሄዱት እንደ ነገሩን፥ በቁም ሣጥን ውስጥ በተርታ የተደረደሩ የሥልጠና መጻሕፍት ነበሩ፤ ከዕቃዎቹ ግን ገሚሶቹ ከተነሡ ቆይተዋል።

ዓለም አቀፉ ኅብረት ችግሩን አይቶ፥ በ1998 በቫሌታ ከተማ ከተደረገው የልማት ጉባኤ ወዲህ በየክፍለ ዓለሙ «የልህቀት ማዕከላት» የሚባሉትን አደራጀ፤ የዳካሩና የናይሮቢው በአፍሪካ ከእነዚህ ተቈጠሩ። ዓላማው ማዕከላቱ ከሚሰበስቡት የትምህርት ዋጋ ራሳቸውን እንዲችሉ ነበር። ፕሮግራሙ በ2022 አብቅቶ ከ2023 ጀምሮ በሌላ የሥልጠና ማዕከላት ፕሮግራም ተተክቷል። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ ቆመዋል፤ የዳካሩ ዲግሪ ይሰጣል። ስለዚህ አልተሳካም ማለት ግፍ ይሆናል። በእኛ አስተያየት ግን «ራስን መቻል» የሚለው ቃል በዚህ መንገድ ሲነገር የሚታሰበው ገንዘብ ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

ሁለተኛው መንገድ ሕንጻ የለውም። በ1990ዎቹ የኢንተርኔት ማኅበር በዓመት አንድ ጊዜ ከልዩ ልዩ አገሮች ሰዎችን ሰብስቦ ያሠለጥን ነበር፤ የመጀመሪያው በ1993 በአሜሪካ በስታንፎርድ ተደርጓል። እዚያ ከተማሩት አፍሪካውያን አንዳንዶቹ ወደ አገራቸው ተመልሰው ኢንተርኔትን አቋቋሙ። ኋላም ጋናዊው ኒ ኳይኖርና ባልንጀሮቹ ሥልጠናውን ወደ አፍሪካ ምድር አመጡት፤ በ2000 በኬፕ ታውን የአፍሪካ የመረብ ሠራተኞች ማኅበር፥ በአጭር ስሙ አፍኖግ፥ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ እንደ ተጓዥ ትምህርት ቤት ከተማ ሲለውጥ ኖሯል፤ በ2001 አክራ፥ በ2002 ሎሜ፥ በ2003 ካምፓላ፥ በ2004 ዳካር፥ በ2005 ማፑቶ፥ በ2006 ናይሮቢ እያለ ሄዶ በ2014 ደጃፋችን ጂቡቲ ደርሶ ነበር። አስተማሪዎቹ ደመወዝ አይቀበሉም። ኮምፒዩተሩና ራውተሩ ተዘርግቶ፥ ተማሪው በእጁ መረቡን ሠርቶ፥ አፍርሶ፥ እንደ ገና ይሠራዋል።

ከሁሉ የሚደንቀን ግን ይህ ነው፤ አምና የተማረው ዘንድሮ ረዳት ሆኖ ይመጣል። በክፍሉ ውስጥ እየተዘዋወረ የተደናቀፈውን ተማሪ ይረዳል፤ በሚቀጥለው አንድ ሰዓት ያስተምራል፤ ከዚያም የአንድ ትምህርት ኃላፊ ይሆናል። ወደ አገሩም ሲመለስ ያንኑ ትምህርት በትንሹ ይደግመዋል። በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፉ አንባቢዎቻችን ይህን ሥርዓት ያውቁታል፤ ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ የኔታ ደግሞ ከፍ ያለውን ያርማሉ። አንድ የኔታ ያን ሁሉ ተማሪ ለብቻቸው ሊያዳርሱ ስለማይችሉ የተገኘ ዘዴ ነው።

የነገሩ ቍልፍ ሒሳብ ስለሆነ በምሳሌ እንየው። አንድ ሥልጠና 6 አስተማሪዎችና በዓመት 24 ተማሪዎች አሉት እንበል። ከአስተማሪዎቹ በየዓመቱ ሲሶው ይሄዳል፤ አንዱ ዱባይ ሥራ ያገኛል፥ ሌላው ሹመት ተቀብሎ ጊዜ ያጣል። እንግዲህ በየዓመቱ 2 መተካት አለባቸው፤ ከ12 ተማሪ 1 ተመልሶ ቢያስተምር ክፍሉ ለዘለዓለም ይቀጥላል ማለት ነው። የሚጠየቀው ያን ያህል ብዙ አይደለም። ነገር ግን ሥልጠናው አንድ ዓመት ቢቋረጥ አስተማሪዎቹ 4 ይሆናሉ፤ ሁለት ዓመት ቢቋረጥ ከ3 ያነሱ ይቀራሉ። ገንዘብ በሦስተኛው ዓመት ቢመጣ እንኳ ዕቃ መግዛት ይቻላል እንጂ የሄዱትን አስተማሪዎች መግዛት አይቻልም። ከዚህ የተነሣ፥ የአንድ ዓመት ትልቅ እርዳታ ከሚሰጠን በየዓመቱ የማይቋረጥ ትንሽ ገንዘብ ቢሰጠን እንመርጣለን።

ይህ ሁሉ ሲባል ሁለተኛው መንገድ ያለ እርዳታ ይኖራል ማለታችን አይደለም። የኦሬጎን ዩኒቨርሲቲ ክፍል የሆነው፥ በ1992 የተመሠረተው የመረብ ጀማሪዎች መርጃ ማዕከል መምህራንና መሣሪያ ሲያግዝ ኖሯል፤ የአውሮፕላኑንና የሆቴሉንም ወጪ አንድ ሰው ይከፍለዋል። እንዲያውም በእንዲህ ያለ ሥልጠና ከባዱ ወጪ ጉዞው ነው። በ2020 ወረርሽኙ ጉዞን ባገደ ጊዜ ትምህርቱ በኢንተርኔት መሰጠት ጀመረና ብዙዎች «ችግሩ ተፈታ» አሉ። እኛ አልተስማማንም። ንግግሩ በኢንተርኔት ይተላለፋል፤ ረዳቱ ግን ከተማሪው ትከሻ ኋላ ቆሞ ጣቱ የሚሳሳትበትን የሚያይበት ቦታ የለውም፤ መምህር የሚፈጠረው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ቋንቋም ሌላ ችግር ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ሲሰጥ፥ በፖርቱጋልኛ የተማረው የሞዛምቢክ ልጅ በባዕድ ቋንቋ ሁለት ጊዜ ይደክማል። የእኛም ልጅ ያው ነው።

ፍሬውን ለማየት ወደ ናይሮቢ እንሂድ። በ2000 ኬንያውያን የኢንተርኔት ኩባንያዎች በአገር ውስጥ የሚላላኩት መልእክት ባሕር ማዶ ደርሶ እንዳይመለስ የሚገናኙበት አንድ የጋራ መለዋወጫ አቆሙ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈቃድ የለውም ብሎ አዘጋው፤ ከክርክር በኋላ በ2002 እንደ ገና ተከፈተ። የኢንተርኔት ማኅበር በ2020 ባወጣው ጥናት፥ በኬንያና በናይጄሪያ በአገር ውስጥ የሚገኘው የኢንተርኔት ፍሰት በ2012 ከነበረበት 30 ከመቶ ያህል ወደ 70 ከመቶ ደርሷል። ሥልጠናው ብቻውን ይህን አደረገ አንልም፤ ከ2009 ጀምሮ የባሕር ሥር ገመዶች ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥተዋል፥ ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ማከማቻዎቻቸውን ወደ አገሩ አስገብተዋል። ነገር ግን ገመዱ ሲመጣ የሚያገናኘው ሰው ቀድሞ ባይኖር ኖሮ ምን ይደረግ ነበር?

ወደ ራሳችን ስንመለስ፥ ከ2022 ወዲህ በአገራችን ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም የሞባይል አገልግሎት ይሰጣል። ለአንድ ባለሙያ ሁለት ቀጣሪ አለ ማለት ነው፤ ለተመራቂው መልካም ነው፥ መምህሩን በዩኒቨርሲቲ ለማቆየት ግን ይከብዳል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚገናኙበት ኢተርኔት የሚባል የትምህርትና የምርምር መረብም አለን (ስሙ ከኮምፒዩተር ገመዱ ስም ጋር ስለሚመሳሰል በየስብሰባው ግራ ያጋባል)። መረቡን የሚጠብቁት የየዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች ናቸው፤ ተማሪው ግን ከመረቡ ክፍል በር ውጭ ነው። በበኩላችን የምናቀርበው አሳብ በየዓመቱ ከአራተኛና ከአምስተኛ ዓመት ተማሪዎች ሁለት ሁለቱ ከሠራተኞቹ ጋር በረዳትነት እንዲሠሩ፥ በክረምት ደግሞ ለታናናሾቻቸው የአንድ ሳምንት ሥልጠና እንዲሰጡ ነው። ዕቃው አያስፈራም፤ ዛሬ በአንድ ደህና ኮምፒዩተር ውስጥ ዐሥር ራውተር በፕሮግራም አስመስሎ ማቆም ይቻላል፤ ፕሮግራሞቹም በነጻ የሚገኙ አሉ። የጂቡቲና የናይሮቢ ተማሪዎች የሚመጡበትን ጊዜ ከዚያ በኋላ ብንነጋገርበት ይሻላል፤ ለእንግዳ የምናቀርበው ክፍል አስቀድሞ ሊኖረን ይገባልና።

ለጥናት ክበባችን መልመጃ የሚሆን ጥያቄ፤ አንድ ሥልጠና 8 አስተማሪዎች አሉት፤ በየዓመቱ ሩባቸው ይሄዳል። በዓመት 30 ተማሪ ሲያሠለጥን ከ15 ተማሪ 1 ተመልሶ ያስተምራል። እርዳታው ቀንሶ የተማሪው ቍጥር 15 ቢሆን፥ አስተማሪዎቹ በስንተኛው ዓመት ከ6 ያንሳሉ? ቍጥራቸውስ መጨረሻው ላይ ስንት ላይ ይረጋል? መልሱን ከነስሌቱ ለክበቡ ጸሐፊ ስጡ።