አንድ አምስተኛው ክትባት ይበቃል?

ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወጣ ብሎ ወደ ሲዳማ ገጠር ለሚዘልቅ ሰው ጓሮው ሁሉ እንሰት ነው። ቅጠሉ ከግንዱ በሚጋጠምበት ብብት የዝናብ ውሃ ይቋጠራል፤ ቢጫ ወባን ከሚያስተላልፉት ትንኞች አንዷ የምትራባው እንዲህ ባለው ውሃ ውስጥ ነው። እ.አ.አ. ከ1960 እስከ 1962 ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያን የመታው ወረርሽኝ 30,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። በሽታው በ2018 በወላይታ ኦፋ ወረዳ፣ በ2020 ደግሞ በጉራጌ ዞን ዳግም ታየ። ሁለቱም ዞኖች ያኔ ዋና ከተማው ሐዋሳ በነበረው የደቡብ ክልል ውስጥ ነበሩ። እናም «ክትባቱ ባይዳረስስ?» ብሎ መጠየቅ ለዚህ አገር ሰው ቅንጦት አይደለም።

ክትባቱ የሚዘጋጀው ሽል ባለበት የዶሮ እንቁላል ውስጥ ስለሆነ ወረርሽኝ ሲነሳ በጥድፊያ ማብዛት አይቻልም። በ2016 አንጎላና ኮንጎ በአንድ ጊዜ ሲታመሱ የዓለም መጠባበቂያ ተሟጠጠ። በኪንሻሳ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የሙሉውን አንድ አምስተኛ ተከተቡ፤ በ0.5 ሚሊ ሊትር ፈንታ 0.1 ማለት ነው። ቀድሞ መከላከያ ያልነበራቸው ተከታቢዎች ከ28 ቀን በኋላ ደማቸው ሲመረመር 98 በመቶዎቹ ፀረ እንግዳ አካል አፍርተው ተገኙ።

ይህ እንዴት ሆነ? የቢጫ ወባ ክትባት ሕያው ነው፤ በውስጡ ያለው የተዳከመ ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይራባል። እርሾን አስቡ፦ ጥቂቱም ቢሆን ሊጡን ሁሉ ያቦካዋል። ሰውነታችን የሚዋጋው መርፌው ያስገባውን ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የተራባውንም ጭምር ነው። በዚያ ላይ አምራቾች በአንድ መጠን ውስጥ የሚያኖሩት ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ከተደነገገው ዝቅተኛ ልክ እጅግ ይበልጣል።

በመርፌ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት ግን የተገደለ ቫይረስ ነው፤ አይራባም። እሱም በአንድ አምስተኛ ይሰጣል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የሚወጋው ወደ ጡንቻ ሳይሆን በቆዳ ውስጥ ነው፤ ቆዳ ደግሞ እንግዳ ነገርን ለይተው ለመከላከያ ሥርዓቱ የሚያሳውቁ ሕዋሳት የሞሉበት ቦታ ነው። ያም ሆኖ አንድ ጊዜ አይበቃም፤ መደገም አለበት። ስለዚህ «ትንሽ መጠን ይሠራል» የሚለውን ከአንዱ ክትባት አንስቶ በሌላው ላይ መለጠፍ አደገኛ ነው።

በዚያው በቢጫ ወባ ክትባት እንኳ ዕድሜ ልዩነት ያመጣል። በኬንያና በዩጋንዳ ጨቅላ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት የተቀነሰው መጠን የሙሉውን ያህል እንደሚያስተማምን ማረጋገጥ አልቻለም። በኪንሻሳም ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች የተሰጠው ሙሉው ነበር፤ በእኔ እምነት ከዚያ ዘመቻ ትልቁ ጥበብ ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ቅነሳውን የሚፈቅደው ክትባት ሲያጥር ለሚደረግ አስቸኳይ ዘመቻ ብቻ ነው። ለውጭ ጉዞ የሚያገለግለው የቢጫ ወባ ካርድም በተቀነሰ መጠን አይሰጥም፤ በዘመቻ አንድ አምስተኛውን የተከተበ ሰው ካርዱን ከፈለገ ሙሉውን መከተብ ይኖርበታል።