ሕዝብን በሳይንሳዊ ልኬት ማሳተፍ፦ የዳንግላ ልምድ ለዲማና አካባቢዋ

መግቢያ

ሙያቸው ሳይንስ ያልሆነ ነዋሪዎች በተወሰነ ሥርዓት እየለኩና እየመዘገቡ ለምርምር መረጃ የሚያበረክቱበት አሠራር የዜጎች ሳይንስ ይባላል። በጎጃም ደጋ አሠራሩን አስፈላጊ የሚያደርገው መደበኛ የዝናብና የወንዝ መለኪያ ጣቢያዎች ተራርቀው መገኘታቸው ነው። የሳተላይት ግምትም ክፍተቱን አይሞላም፤ በስፋት ከሚሠራባቸው አንዱ ጎኑ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነ ቦታ አንድ አማካይ መጠን ብቻ ይሰጣል። ከጮቄ ተራራ እስከ ዓባይ ሸለቆ ባለው ወጣ ገባ መሬት ግን በአንዱ መንደር የጣለው ዝናብ ለአጎራባቹ ላይደርስ ይችላል። ይህ ጽሑፍ በአማራ ክልል የተሞከረን አንድ ልምድ መርምሮ፣ ለዲማና ለመሰሎቿ ምን እንደሚያስተምር ያመለክታል።

የዳንግላ ልምድ

በአዊ ዞን ዳንግላ ወረዳ ነዋሪዎች ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝናብን፣ የወንዝን ከፍታና የጉድጓድ ውሃን ጥልቀት ሲለኩ ቆይተዋል። የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መዝገቡን ከመደበኛ ጣቢያዎችና ከሳተላይት ውጤቶች ጋር አነጻጽረው በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የነዋሪዎቹ መረጃ በጥራቱ ከመደበኛው ጋር የሚስተካከል፣ ከሳተላይቱም የሚሻል መሆኑን አሳይተዋል። ተገቢውን የመለኪያ ቦታ መምረጥና ሊፈጠሩ በሚችሉ ስሕተቶች ላይ ከነዋሪው ጋር መወያየት እንደሚገባም አመልክተዋል። እንግዲህ «ገበሬ የለካው ይታመናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቢያንስ በዚህ ስፍራ በቂ መልስ አግኝቷል። የሚቀረው ጥያቄ ልኬቱ ለዓመታት እንዲዘልቅ ምን ያስፈልጋል የሚለው ነው።

ውይይት

የመጀመሪያው ጉዳይ የለካው ማን ነው የሚለው ነው። ዲማ ጊዮርጊስ በአብነት ትምህርት የታወቀ ስፍራ በመሆኑ ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው አይታጣም። ይሁን እንጂ የአብነት ተማሪ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ የሚዘዋወር ስለሆነ ልኬቱን ለእርሱ ብቻ መተው አያዛልቅም። ኃላፊነቱ ተተኪ ላለው ነዋሪ ቤተሰብ ቢሰጥ፣ ተማሪው ደግሞ በምዝገባ ቢያግዝ ይመረጣል።

ሁለተኛው የመዝገቡ ቅጽ ነው። ቅጹ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠርና በአገሩ የሰዓት አቆጣጠር ይዘጋጅ፤ ጳጉሜንም የራሷ ገጽ ይኑራት። ወደ ሌላ አቆጣጠር የመመለሱ ሥራ የተመራማሪው እንጂ የለኪው አይደለም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተነበበ ዝናብ በአብዛኛው የጣለው በዋዜማው ስለሆነ፣ የቱ ቀን እንደሚጻፍ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ዝናብ ያልጣለበት ቀን «0» ይጻፍበት፤ ያልተለካበት ቀን ግን ባዶ ይተው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ በመዝገቡ ላይ ያልነበረ ድርቅ ይፈጠራል።

ሦስተኛውና ዋነኛው የውጤቱ መመለስ ነው። በበጋ መስኖ የሚያለማ ገበሬ አዲስ ጉድጓድ ሲቆፍር የጎረቤቱ የመጠጥ ውሃ ይጎድል ይሆን የሚለው ጥያቄ ክርክር የሚያስነሣ ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚረዳው ከክረምት መውጫ እስከ በልግ የተመዘገበው የጉድጓዶች ጥልቀት ነው። መረጃው የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ሆኖ ከቀረ ግን ለኪው የሰው ሥራ ሠሪ ሆኖ ይቀራል፤ መለኪያውም ይተዋል። ስለዚህ ውጤቱ ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመስከረምና በሚያዝያ፣ ሕዝቡ አስቀድሞ በሚሰበሰብበት ሰንበቴ ወይም የእድር ጉባኤ ላይ ይቅረብ። ለኪዎቹ ራሳቸው ያንብቡት፤ ሽማግሌዎች ከሚያስታውሷቸው ዓመታት ጋር ያስተያዩት። አጠራጣሪ ቁጥር ቢኖርም በዚያው ይጣራል።

ማጠቃለያ

የዳንግላ ልምድ ነዋሪው በትክክል መለካት እንደሚችል አረጋግጧል። ሕዝብን ማሳተፍ መሣሪያ በማደል ቢጀመርም፣ ጸንቶ የሚቆየው ጥያቄው የሕዝቡ ሲሆንና መልሱም ወደ ሕዝቡ ሲመለስ ነው። በዚህ መስክ የሚሠማራ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የጥናት ዕቅዱን ሲያቀርብ፣ መረጃ የሚሰበስብበትን ጊዜ እንደሚያመለክት ሁሉ ውጤቱን ለመንደሩ የሚመልስበትን ቀንና ስፍራም ሊያመለክት ይገባዋል።