የድሬዳዋው ባቡር ጭነቱን እንዴት አጣ? ለሠራተኛ ቤተሰብ የሚሆን ትምህርት

አንድ ትልቅ የሥራ ቦታ ሲዘጋ ብዙ ጊዜ «በድንገት ተዘጋ» ሲባል እንሰማለን። ወደ ኋላ ተመልሰን ስናጣራ ግን መድከም የጀመረው ከዓመታት በፊት ሆኖ እናገኘዋለን። ዛሬ ይህን ነገር በአንድ ምሳሌ እንማረዋለን። ምሳሌያችን ከጅቡቲ ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል አዲስ አበባ ይገባ የነበረው አሮጌው የጭነት ባቡር ነው። ዓመታቱን በሙሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሐዲዱ ከተማ የወለደበት ዘመን

ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነበር። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረና በ1902 መጨረሻ ዛሬ ድሬዳዋ ካለችበት ሜዳ ደረሰ። ሐዲዱ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ተራራው ስላስቸገረ ከሥር ቀረ። በዚያው ቦታ አዲስ ከተማ በቀለ፤ መጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ተባለ። የመጀመሪያው ኩባንያ ቢከስርም ሌላ ተተክቶ ሥራውን ቀጠለና ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ነጠላ መስመር ሲሆን፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር።

ወደ ባሕር ቡናና ቆዳ ይወርዳል፤ ወደ ላይ ጨው፣ ጨርቅ፣ ነዳጅና ማሽን ይወጣል። ድሬዳዋ ላይ ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች የሚጠገኑበት ትልቅ ወርክሾፕ ነበረ። በመንገዱም ሞጆ፣ ናዝሬት፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አይሻ የሚባሉት ጣቢያዎች በባቡሩ ምክንያት ገበያ ሆኑ። ባቡር ሲመጣ ሻይ የምትሸጠው፣ ፍራፍሬ የምታቀርበው፣ ጭነት የሚያወርደው ሁሉ ከዚያው ይበላል።

ጭነቱ በየተራ ሄደ

አንደኛው ምክንያት አሰብ ነው። ኤርትራ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ መንግሥት የራሱን ወደብ ማስፋት ያዘ። ከአሰብ ወደ መሐል አገር የመኪና መንገድ ነበረ፤ በ1967 ደግሞ የነዳጅ ማጣሪያ እዚያው ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዕቃ፣ በተለይም ነዳጅ፣ በቦቴና በተሳቢ መኪና መምጣት ጀመረ። ባቡሩ ባይቆምም ደህና ገንዘብ ከሚያስገባለት ጭነት ብዙውን አጣ።

ሁለተኛው ጦርነት ነው። በ1977 የሶማሊያ ጦር ሲገባ ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቋረጠ። ነጋዴ ደግሞ መስመር እስኪጠገን ቆሞ አይጠብቅም፤ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። አንዴ ሌላ መንገድ የለመደ ነጋዴ ደግሞ መስመሩ ሲከፈት ሁልጊዜ አይመለስም።

ሦስተኛው ያመለጠ ዕድል ነው። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር የኢትዮጵያ የወጪና የገቢ ንግድ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ያን ጊዜ ባቡሩ ወርቅ ማፈስ ነበረበት። ነገር ግን ሐዲዱ አርጅቷል፣ ሎኮሞቲቮቹ መለዋወጫ አጥተዋል፣ ድልድዮቹ ከባድ ጭነት አይችሉም። ስለዚህ የወደቡን ዕቃ ተሳቢ መኪኖች ወሰዱት። በኋላ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ጥገና ተጀመረ፤ መስመሩን ለግል ኩባንያ ለመስጠትም ተሞከረ፤ ሁለቱም አላዳኑትም። ከ2008 ገደማ ጀምሮ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ባቡር መሄድ ቆመ። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ያለውም ክፍል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለው። አባቶች «ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው» የሚሉት ይህን ነው።

መኪና ለምን አሸነፈ?

ነጋዴ የሚቆጥረው የኪሎ ሜትሩን ዋጋ ብቻ አይደለም። ባቡር ዕቃውን ለገሃር ያደርስለታል እንጂ መርካቶ ሱቁ በር ላይ አያራግፍለትም። ስለዚህ ከመርከብ ወደ ፉርጎ፣ ከፉርጎ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ መጋዘን ይጫናል፣ ይወርዳል። በየጊዜው የጫኝና አውራጅ ሒሳብ ይከፈላል፤ ዕቃም ይሰበራል፣ ይጠፋል። መኪና ግን አንዴ ተጭኖ በር ላይ ይደርሳል።

ሁለተኛው ምክንያት የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ በቀላል ቁጥር እንመልከተው። አንድ መስመር ሐዲዱን ለመጠገንና ለሠራተኛ ደመወዝ በወር 100,000 ብር ያወጣል እንበል። 100 ፉርጎ ከተጫነ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ወጪ 1,000 ብር ነው። ግማሹ ጭነት ወደ መኪና ቢሄድ ግን ወጪው በግማሽ አይቀንስም፤ ሐዲዱ ያው ሐዲድ ነው፣ ጥበቃውም ያው ጥበቃ ነው። አሁን ለእያንዳንዱ ፉርጎ 2,000 ብር ይደርሳል። ኩባንያው ዋጋ ቢጨምር ተጨማሪ ደንበኛ ይሸሻል። ዋጋ ባይጨምር ጥገናውን ለከርሞ ያስተላልፋል። ጥገና ሲቀር ባቡሩ ይዘገያል፣ ከሐዲድ ይወጣል፤ በዚህም ደንበኛ ይሸሻል። ባለ መኪናው ግን መንገዱን ራሱ አይጠግንም፤ ቀረጥና ግብር ይከፍላል፣ መንገዱን የሚሠራው መንግሥት ነው።

ታዲያ የጭነት ባቡር ጊዜው አልፎበታል?

አላለፈበትም። ቤር ሼቫ፣ ዲሞናና አሽዶድ የምትኖሩ አንባብያን ለዚህ ምስክር ናችሁ። ከሙት ባሕር የሚወጣው ፖታሽ በ18 ኪሎ ሜትር ማጓጓዣ ቀበቶ ተራራውን ይወጣና ባቡር ላይ ይጫናል፤ ከዚያ ወደ አሽዶድ ወደብ ይሄዳል። የኔጌቭ ፎስፌትም በባቡር ይጓዛል። ባቡር በዚህ ሥራ የሚያዋጣው ጭነቱ ከባድና ብዙ ስለሆነ፣ ደንበኛው አንድ ትልቅ ፋብሪካ ስለሆነ፣ መድረሻውም አንድ ወደብ ስለሆነ ነው። በየሱቁ የሚበተን ዕቃ ግን መኪና ይፈልጋል።

ኢትዮጵያም ከጅቡቲ ጋር የሚያገናኝ አዲስ የኤሌክትሪክ ባቡር አላት። በ2016 ተመርቆ በ2018 መጀመሪያ መደበኛ ሥራ ጀመረ። ይሁን እንጂ የአሮጌውን መስመር ሠራተኞች ኑሮ እንደ ነበረ አልመለሰውም። ሐዲዱ ሌላ ነው፣ ስፋቱም ሌላ ነው፣ የሚጠይቀው ሙያም ሌላ ነው። የድሬዳዋ አዲሱ ጣቢያም ከመሐል ከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። በአሮጌው ጣቢያ ዙሪያ ሻይ ትሸጥ ለነበረች እናት አዲሱ ባቡር ብዙም አይጠቅማትም።

ለእኛ ቤት የሚሆነው ትምህርት

አንድ የሥራ ቦታ እየደከመ መሆኑን ቀድመው የሚናገሩ ምልክቶች አሉ፤ በባቡሩ ላይ ያየናቸው በፋብሪካም በመጋዘንም ይታያሉ። ትልቁ ደንበኛ ይሄዳል፣ በምትኩም ሌላ አይመጣም። ጥገና «ለሚቀጥለው ዓመት» ይባላል። ከቆመ ማሽን ዕቃ እየተፈታ ለሚሠራው ይገጠማል። ጡረታ የወጣ ሰው ቦታው ሳይሞላ ይቀራል። ደመወዝ በጥቂት ቀን መዘግየት ይጀምራል። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢታይ አያስደነግጥ ይሆናል፤ ሦስቱ አብረው ከታዩ ግን ቤተሰብ ተቀምጦ መመካከር አለበት።

እዚህ አገር ላለን ሠራተኞች ደግሞ በጊዜ ልንፈትሻቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ጡረታ። ከ2008 ጀምሮ አሠሪዎች ለሠራተኛ ጡረታ የማስገባት ግዴታ አለባቸው። ከደመወዝ ወረቀታችሁ (ትሉሽ) ላይ የተቀነሰው ገንዘብ በእርግጥ ፈንዱ ዘንድ መድረሱን ፈንዱ ከሚልከው መግለጫ ጋር አስተያዩ። የስንብት ገንዘብም (ፒጹዪም) ብዙ ጊዜ እዚያው ነው የሚጠራቀመው። አሠሪው ገንዘብ ሲያጥረው ቶሎ የሚያስቀረው ይህን ክፍያ ሊሆን ይችላል። ዕብራይስጡ ቢያስቸግራችሁ ልጆቻችሁ አጠገባችሁ ተቀምጠው ያንብቡላችሁ፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ሁለተኛ፣ ስንብት። አሠሪ ሠራተኛ ከማሰናበቱ በፊት ጠርቶ ቃሉን መስማት (ሺሙዓ) አለበት። አንድ ዓመት የሠራ የወር ደመወዝተኛ ደግሞ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይገባዋል። ያላነበባችሁትን ወረቀት አትፈርሙ።

ሦስተኛ፣ የሥራ አጥ ክፍያ። ሥራ በቆመ ማግስት የሥራ ስምሪት ቢሮ (ሊሽካት ታዓሱካ) ሄዳችሁ ተመዝገቡ። ቢቱዋሕ ሌኡሚ መክፈል ያለበትን የሚቆጥረው ከምዝገባው ቀን ጀምሮ ስለሆነ፣ ሳይመዘገቡ ቤት የተቀመጡበት ጊዜ አይመለስም። በአጠቃላይ ደንቡ ለዚህ ክፍያ ካለፉት 18 ወራት ውስጥ የ12 ወር ሥራ ይጠየቃል።

አራተኛ፣ ሙያ። ከድሬዳዋ ወርክሾፕ የወጣ በያጅ፣ የቶርኖ ሠራተኛ ወይም የናፍጣ ሞተር መካኒክ በሌላ ጋራዥም እንጀራ ሊያገኝ ይችላል። ሙያው ከዚያ ሐዲድ ጋር ብቻ የታሰረ ሰው ግን ሐዲዱ ሲቆም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ልጆቻችን ሥራ ሲመርጡ «ደመወዙ ስንት ነው?» ብለን ከጠየቅን በኋላ አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ «ይህ ቦታ ነገ ቢዘጋ፣ እዚህ የተማርከውን ሌላ ቦታ የሚቀበልህ አለ?» መልሱ «የለም» ከሆነ፣ ቦታው ገና ደህና ሳለ በማታ ትምህርት ወይም በኮርስ ሁለተኛ ሙያ መጀመር ይሻላል።