ጥርኝና ዝባድ

ባለፈው ትምህርታችን እግዚአብሔር በዕለተ ዓርብ የምድር አራዊትን እንደ ፈጠረ ተምረናል። ከእነርሱ አንዱ ጥርኝ ነው። ከመንደራ ቆጪ ወጥተን ወደ ቡናው ጫካ ብንሄድ ቀን አናገኘውም፤ በቁጥቋጦ ተኝቶ ይውላልና።

ጥርኝ ድመት ይመስላል እንጂ ድመት አይደለም። ሲመሽ ወጥቶ አይጥ፣ እባብና ፍራፍሬ ይበላል። ቀዩን የቡና ፍሬም ይውጣል፤ ዘሩ ግን በሆዱ አይፈጭም። ኩሱን ዘወትር በአንድ ቦታ ስለሚጥል ዘሩ በዚያ ይበቅላል። በጫካ ውስጥ ማንም ያልተከለው የቡና ችግኝ ብታዩ፣ ምናልባት ተካዩ እርሱ ነው!

ከጅራቱ ሥር ካለው ከረጢት ዝባድ የሚባል ቅባት ይገኛል። ሲበዛ ይከረፋል፤ ጥቂቱ ግን የሽቶ መዓዛ ቶሎ እንዳይጠፋ ያደርጋል። ስለዚህ በበሬ ቀንድ እየታሸገ እስከ ፈረንሳይ አገር ሲሸጥ ኖሯል። ለዚህም ሲባል ወንዱ ጥርኝ በወጥመድ ተይዞ፣ እንደ ልቡ በማይዞርበት ጠባብ የእንጨት ማጎሪያ ውስጥ ይኖራል። ይህን ሳስብ አዝናለሁ፤ ይሁንና ልጆቻቸውን በዝባድ ያሳደጉ ገበሬዎችም አሉ።

ጥያቄ
1. ጥርኝ ቡናን የሚዘራው እንዴት ነው?
2. ምሳሌ 12፥10ን አንብቡ። የጥርኙ ባለቤት ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?